ስለ 1966ቱ የጊታር ድምፅ፦ ከአንድ አምፕሊፋየር ጠጋኝ የተላከ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ስለ ብሉዝ ሮክ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በስጋት። ደስ ያለኝ ዕድሜ ልኬን ስለፋበት የኖርኩት ነገር ግማሽ ገጽ በማግኘቱ ነው። ስጋቱን ያመጣው በጽሑፉ መጨረሻ አካባቢ የተሰጠ አንድ ምክር ነው። እኔ የቫልቭ አምፕሊፋየር፣ ማለትም አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ድምፅ የሚያጎላውን መሣሪያ፣ ስጠግን 26 ዓመት ሆኖኛል፤ ማታ ማታ ደግሞ ጊታር እጫወታለሁ። ስለዚህ ወደ ጊታሩ ከመሄዴ በፊት የሰው ሕይወት ከሚነካው ልጀምር።

ጸሐፊው አንባቢው የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ከፍቶ፣ ቫልቮቹን እያወጣና እያስገባ የሚስማማውን ድምፅ እንዲፈልግ መክረዋል። እባካችሁ ይህን አርሙ። የቫልቭ አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች፣ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች፣ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። መብራቱ ጠፍቷል፣ ቫልቮቹ ቀዝቅዘዋል፣ ዕቃው የሞተ ይመስላል፤ ኤሌክትሪኩ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ፣ ማታውን የተነቀለ አምፕሊፋየር ነው ብዬ ሳልለካ እጄን ሰደድኩ። ግራ እጄ የብረት ሳጥኑን ይዞ ነበር። ከወንበሬ ጋር ወደ ኋላ ወደቅሁ፤ የቀኝ እጄ ጠቋሚ ጣት ላይ የተቃጠለችው ነጭ ነጥብ እስከ ዛሬ አለች። በሁለት እጅ መካከል የሚያልፍ ኤሌክትሪክ በልብ በኩል ነው የሚያልፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቮልት መለኪያ ሳላረጋግጥና የቀረውን በሪዚስተር (ኤሌክትሪክን በሚገታ ክፍል) በኩል ሳላፈስ ምንም አልነካም፤ ስለካም አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።

ሌላም አለ። ኃይል የሚያወጡት ትልልቆቹ ቫልቮች ሲቀየሩ ምንም ሳይጫወቱ በውስጣቸው የሚያልፈው የዕረፍት ኤሌክትሪክ ተለክቶ መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ ቫልቩ ውስጥ ያለው ሳህን እንደ ፍም ይቀላና ይዞት የሚሄደው ብዙ ነው። ስፒከር ሳይገናኝም የቫልቭ አምፕሊፋየር አይከፈትም። አንድ ጊዜ የደንበኛዬን አምፕሊፋየር በጥድፊያ ስሞክር የስፒከሩን ገመድ መሰካት ረስቼ፣ ድምፅ የለም ብዬ ቮልዩሙን ጨመርኩ። የትራንስፎርመሩ ቫርኒሽ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ የማውቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የሚተካ ትራንስፎርመር እስከማገኝ ሰውየው ሦስት ወር ጠበቀኝ።

አሁን ወደ ድምፁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጸሐፊው አርአያ ያደረጉት ብሉዝብሬከርስ የተባለው የእንግሊዛዊው ጆን ማያል ባንድ በ1966 ያወጣውን፣ ኤሪክ ክላፕተን ጊታር የተጫወተበትን አልበም ነው። ምርጫቸው ትክክል ነው፤ እኔም ከዚያ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ነገር ግን ክላፕተን በዚያ አልበም የተጫወተበትን፣ ማርሻል ሞዴል 1962 የተባለውን አምፕሊፋየር በ1962 የተሠራ አድርገው ጽፈውታል። 1962 የሽያጭ ካታሎግ ቁጥር እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። በ1962 የተሠራው ከዚያ የሚቀድመው የማርሻል የመጀመሪያ አምፕሊፋየር፣ ጄቲኤም 45 ነው። ሞዴል 1962 የዚያው የጄቲኤም 45 ውስጥ ዕቃ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ካለው ሳጥን ጋር አብሮ የተገጠመበት ነው። ስህተቷ ትንሽ ትመስላለች። ዕቃ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ግን ያልነበረ ነገር ሲፈልግ ይከርማል።

የዚህ ዕቃ የዘር ሐረግ ራሱ ደስ ይለኛል። በምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል በሚባል ሰፈር፣ ጂም ማርሻል የሚባል የድራም አስተማሪ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ጊታር ተጫዋቾቹ አንድ ነገር ይነግሩታል፤ አሜሪካኖቹ አምፕሊፋየሮች የሚወደዱ ናቸው፣ ግን ውድ ናቸው። ኬን ብራን እና ዱድሊ ክሬቨን የሚባሉት የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች የአሜሪካውን የፌንደር ኩባንያ አምፕሊፋየር፣ ባዝማንን፣ ወስደው በእንግሊዝ አገር በሚገኙ ዕቃዎች ሠሩት። ባዝማን ስሙ እንደሚለው ለቤዝ ጊታር የታሰበ ነበር። ሰርኪዩቱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ አያያዙ፣ ያው ሆኖ ዕቃዎቹ ሲለወጡ ሌላ ፍጥረት ወጣ፤ ትራንስፎርመሩ ሌላ፣ ስፒከሩ ሌላ፣ በኋላም የኃይል ቫልቮቹ ኬቲ 66 የሚባሉት የእንግሊዞቹ ሆኑ። አንዱን ለመቅዳት ሲሞክሩ ሌላ መውለዳቸው ለዚህ ለኛ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት ነው። የሚፈልጉትን ድምፅ የሰጣቸው በእጃቸው ያለው ዕቃ ነው።

በሜይ 1966 ዌስት ሃምፕስቴድ በሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ኤሪክ ክላፕተን ሊቀዳ ሲገባ 21 ዓመቱ ነበር። ቤዝ ጆን ማክቪ፣ ድራም ሂዩ ፍሊንት፣ አዘጋጁ ማይክ ቨርነን፣ የድምፅ ባለሙያው ጋስ ደጅን። የዚያን ጊዜ የስቱዲዮ ሕግ ጊታር ተጫዋቹ ቮልዩሙን ዝቅ እንዲያደርግ፣ ማይክሮፎኑም ስፒከሩ አፍንጫ ሥር እንዲቆም ነበር። ክላፕተን ዝቅ አላደርግም አለ። መድረክ ላይ እንደምጫወተው ነው የምጫወተው፣ ማይክሮፎኑ ራቅ ይበል አለ። ጊታሩ ወደ ሌሎቹ ማይክሮፎኖች እየፈሰሰ ተቀዳ። አልበሙን ስትሰሙ ጊታሩ ዙሪያውን አየር ያለው፣ ክፍሉን የሞላ የሚመስለው ከዚህ የተነሳ ነው። በዚያው ዓመት ክላፕተን ወደ ክሬም ሲሄድ፣ አዲሱ ባንድ ገና በልምምድ ላይ ሳለ አልበሙን የተጫወተባት ሌስ ፖል፣ የአሜሪካው የጊብሰን ኩባንያ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ተሰረቀች፤ እስካሁን በአደባባይ አልታየችም። ክላፕተን ግን በሌሎች ጊታሮች መጫወቱን ቀጠለ፤ ሰውም ገና በመጀመሪያዋ ኖታ ያውቀው ነበር።

ለዚህ ነው ከጸሐፊው ጋር የማልስማማው። እሳቸው ድምፁ ከ1958 እስከ 1960 በተሠሩት ሌስ ፖሎች እንጨት ውስጥ እንደተቀበረ፣ እነዚያን መግዛት ለማይችል ደግሞ ዲስቶርሽን ፔዳል (በእግር የሚረገጥ፣ ድምፅ የሚያሻክር ትንሽ ሳጥን) እስከ ጥጉ መክፈት መፍትሔ እንደሆነ ጽፈዋል። እኔ ይህንን መንገድ ሄጄበታለሁና የሚያደርሰውን አውቃለሁ። ድምፁ ያለው አቅሙ ጫፍ ላይ በደረሰ አምፕሊፋየርና እሱን በጣቱ በሚገዛ ሰው መካከል ነው።

ቫልቭ እንዲያጎላው የተሰጠው ሞገድ ከአቅሙ ሲያልፍ የሞገዱን ጫፍ ይደፈጥጠዋል። ድፍጠጣው በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ቀስ እያለ ይጎብጣል። ከዚያ ጉብጠት ነው በ220 ኸርዝ (በሴኮንድ 220 ጊዜ) የምትንቀጠቀጠው ክር ውስጥ ቀጭን ሆነው የነበሩት 440፣ 660 እና 880 ጎላ ብለው የሚወጡት። በዚህ ምክንያት ድምፁ ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ እንደ ሰው ጉሮሮ ይሻክራል። ቀስ ብለው ሲመቱት ግን ሞገዱ ጫፉ ላይ አይደርስምና ንፁህ ይሆናል። ጠንከር ሲሉ ይጮኻል። በአንድ ዓረፍተ ዜማ ውስጥ ሹክሹክታም ጩኸትም ይኖራል ማለት ነው። ፔዳሉን እስከ ጥጉ የከፈተ ሰው ይህን ያጣዋል፤ ለስላሳውም ኃይለኛውም አንድ ይሆንበታል።

ከባድ ዲስቶርሽን ኮርድን፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ኖታዎችን፣ እንዴት እንደሚያበላሽ በቁጥር ላሳያችሁ። ሁለት ክሮች አብረው ሲደፈጠጡ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ራሱ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። 220 እና 330 ኸርዝ ብትመቱ ልዩነቱ 110 ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ኖታ ራሱ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው፣ ስለዚህ ይስማማል፣ ያወፍራል። 220 እና 277 ብትመቱ ግን ልዩነቱ 57 ይሆናል። በዚያ አካባቢ የሚስማማው 55 ነበር። እነዚያ ሁለት ኸርዝ ከሥር ሆነው ይጉረመረማሉ። ሦስት አራት ክር ሲጨመርበት ጭቃ ነው። ክላፕተን በዚያ አልበም ላይ የፍሬዲ ኪንግን «ሃይድአዌይ» ሲጫወት እያንዳንዷ ክር ለብቻዋ ትሰማለች፤ ይህም ዲስቶርሽኑ በትዝታችን ካለው ምን ያህል ያነሰ እንደሆነ ያሳያል።

እኔ ይህን ለማወቅ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፔዳል ላይ ፔዳል ደረደርኩ፤ እያንዳንዱ ሲበዛ ድምፄ ይቀጥን፣ ንብ የገባበት ቆርቆሮ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ የጄቲኤም 45 ሰርኪዩት ያለው አምፕሊፋየር ጠግኜ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ምንም ፔዳል ሳላስገባ ቮልዩሙን ሰባት ላይ አደረግኩት። ሁለቱን መግቢያዎቹንም በአጭር ገመድ አገናኘኋቸው፤ አንዱ ወፍራሙን፣ ሌላው ስለታሙን ድምፅ ይሰጣል። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ አስደነገጠኝ፤ ከገመትኩት ይልቅ ንፁህ ነበር። ሁለተኛዋን ክር ጠንከር አድርጌ መትቼ ሳጎብጣት ግን ኖታዋ መጀመሪያ እንደ መተንፈስ አለች፣ ከዚያ አበጠች። ጠንካራ ምት ሲመጣ የኃይል አቅርቦቱ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ወዲያው ይመለሳል፤ እብጠቷ ያ ነው። ጄቲኤም 45 ከሶኬት የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያቀናው በዲዮድ ሳይሆን ጂዜድ 34 በሚባል ቫልቭ ነው። ጂዜድ 34 ከመሰሎቹ ሁሉ ጠንካራው ቢሆንም ዲዮድን አያክልም፣ ካፓሲተሮቹም በኋላ ከመጡት ትልልቅ አምፕሊፋየሮች ያነሱ ናቸው። መሣሪያው ትንሽ ይሸነፋል። የዚያ ሽንፈት ድምፅ ነው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው። የዚያን ዕለት ጊታሩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

የዚህ ድምፅ አባቶች እንግሊዞቹ እንዳልሆኑም ቢነገር ደስ ይለኝ ነበር። በ1943 ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ የሄደው የብሉዝ ሙዚቀኛ መዲ ዋተርስ ኤሌክትሪክ ጊታር ያነሳው ጫጫታ በሞላበት መጠጥ ቤት ውስጥ እንዲሰማ ነው። ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ከአቅም በላይ ሲገፉ መሻከራቸው በመጀመሪያ የችግር ውጤት ነበር። በማርች 1951 ሜምፊስ ውስጥ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ «ሮኬት 88» ሲቀዳ፣ የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር በመንገድ ላይ ተጎድቶ ስፒከሩ ተቀዶ ነበር። የተቀደደውን ቦታ በወረቀት ጠቀጠቁትና ቀዱት። የሚያቃጭለው ድምፅ ተወደደ። 15 ዓመት ቆይቶ ዌስት ሃምፕስቴድ የደረሰው ይኸው ድምፅ ነው፤ መንገዱን የጠረጉት ጥቁሮቹ ሙዚቀኞች ናቸው፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን አንዳቸውም አልተጠሩም።

ጊታሩ ምንም ለውጥ አያመጣም እያልኩ አይደለም። የሌስ ፖል ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ሁለት የሽቦ ጥቅል አለው፤ ሴዝ ላቨር የተባለ የጊብሰን ባለሙያ በ1955 የባለቤትነት መብት ማመልከቻ ያስገባበት ነው። ሁለቱ ጥቅሎች ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን እምምታ እርስ በርስ ያጠፉታል፣ የክሩን ድምፅ ግን ይደምራሉ። በ1957 ሌስ ፖሎቹ ላይ ተገጠመ። የዚያን ጊዜ ጠምዛዦች በእያንዳንዱ ጥቅል 5,000 ዙር ገደማ ያዞሩ ነበር፤ ገደማ የምለው ልክ ስላልነበረው ነው። አንዱ በዛ፣ አንዱ አነሰ፣ ማግኔቶቹም የተለያየ ደረጃ ነበራቸው። የሽቧቸው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ድረስ የሚለካ አሉ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፒክአፕ ድምፅ ይህ ነው ብሎ አንድ ነገር መጠቆም ራሱ አይቻልም። እኔ አንድ ጊዜ የ1959 ትክክለኛ ቅጂ ነው ተብሎ የተሸጠልኝን ፒክአፕ ስለካው 14 ኪሎ ኦም ሆኖ አገኘሁት። ኃይሉ ብዙ ነበር፤ ያ የሚያንፀባርቅ ከላይ ያለው ብርሃን ግን የለም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ የተጭበረበረው ገንዘቤ ብቻ ሳይሆን ሁለት ዓመት ጆሮዬም ነበርና።

ሰው ከሁሉ የሚረሳው ገመዱን ነው። ገመድ ራሱ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ አንድ ሜትር የጊታር ገመድ በግምት 100 ፒኮፋራድ ይይዛል። የፒክአፑ ጥቅል 4 ሄንሪ (የጥቅል መለኪያ ነው) ቢኖረውና ገመዱ 6 ሜትር ቢሆን የሁለቱ ጥምረት 3,200 ኸርዝ አካባቢ ላይ ይጎላል። ገመዱን 12 ሜትር ብታደርጉት ወደ 2,300 ይወርዳል። ያው ጊታር፣ ያው አምፕሊፋየር፣ ያው እጅ ሆኖ ድምፁ ይለወጣል። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች የሚጠቀሙባቸው ረጃጅም ጥምዝ ገመዶች ሹል የሆነውን ጫፍ በራሳቸው ያለዝቡት ነበር። ዛሬ ምርጥ ተብሎ በሚሸጠው ገመድ ተጫውቶ ድምፄ ጆሮ ይወጋል የሚል ሰው መጀመሪያ ገመዱን ቢያስረዝም ይሻለዋል።

ክላፕተን ከክሬም ጋር በነበረበት ጊዜ የተጠቀመበት ያ ክብ፣ እንደ ዋሽንት የሚያዜም ድምፅ ከዚሁ ስሌት የወጣ ነው። የቶን ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋው 0.022 ማይክሮፋራድ የሆነው ካፓሲተር ከፒክአፑ ጋር ይጣመርና ጉልላቱ ወደ 500 ኸርዝ አካባቢ ይወርዳል። ይህ የሰው አፍ «ኦ» ሲል ከሚጎላበት ቦታ ጋር ይቀራረባል። ታዲያ በዝቅተኛ ቮልዩም ከሞከራችሁት ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ራዲዮ ነው የሚመስለው። አምፕሊፋየሩ አቅሙ ጫፍ ላይ ሆኖ የጠፋውን ጨረር መልሶ ሲሞላው ብቻ ነው ድምፁ የሚወለደው።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ጊታሩንና ሦስት ፔዳሉን ይዞ መጣ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ጥሩ ነው። «ጋሼ፣ ሁሉንም እንደተጻፈው አድርጌያለሁ፤ ለምንድን ነው የማይመስለው?» አለኝ። ፔዳሎቹን ነቅዬ ጊታሩን ቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰካሁት። አምፕሊፋየሩን ከፍ አድርጌ የጊታሩን ቮልዩም አራት ላይ እንዲያደርገው ነገርኩት። መታ፤ ታፍኖ ወጣ። ፊቱ ጠቆረ። እኔም አወቅሁት፤ የጊታሩ ቮልዩም ሲቀነስ ቀጭኑ ድምፅ አብሮ ይጠፋል፣ አብዛኞቹ ዘመናዊ ጊታሮች እንደዚያ ነው የተያያዙት። የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታን። የቶን ካፓሲተሩ አንድ እግር የቮልዩሙ መግቢያ እግር ላይ ተበይዶ ነበር። እሱን አንስተን መካከለኛው፣ ማለትም መውጫው እግር ላይ በየድነው። ጊብሰን በ1950ዎቹ ያደርገው እንደነበረው ማለት ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። (የጊታር ውስጥ የሚገድል ኤሌክትሪክ የለውም፤ ልጁን እንዲበይድ የፈቀድኩለትም ለዚህ ነው።)

እንደገና አራት ላይ አድርጎ መታ። አሁን ንፁህ ነው፣ ግን ጠርዝ አለው። «እዚያው እያለህ ምትህን ጨምር» አልኩት። ጨመረ፤ ጫፉ ላይ ሻከር አለ። በትንሿ ጣቱ ቮልዩሙን እያጫወተ ወደ ሰባት፣ ወደ አሥር አመጣው። ሦስተኛዋን ክር ሰባተኛው ፍሬት ላይ ይዞ ወደ ላይ ሳባት። አንድ ሙሉ እርከን ከፍ ስትል ቆመ፣ አንጓውን ከክርኑ ጀምሮ ቀስ እያለ አወዛወዘ። ኖታዋ አላለቀችም። ቀና ብሎ አየኝ፤ አፉ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። «ይኼ ነው?» አለ። ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሁለት ዜማ በላይ አልተጫወተም፤ ያቺን ቁልፍ ብቻ ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲሰማት ቆየ።

ትልቁና እውነተኛው ችግር ጩኸቱ ነው። ጄቲኤም 45 በንፁህ ድምፅ 30 ዋት ገደማ ነው፤ ሲገፋ ይበልጣል። በመኖሪያ ቤት ይህ አይቻልም፣ ጆሮንም ይጎዳል። ብዙ ሰው 3 ዋት ገዝቼ እገላገላለሁ ይላል። ጆሮ ግን እንደ ዋቱ አይቆጥርም፤ ድምፅ በግማሽ የቀነሰ እንዲመስለን ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። የ30 ዋቱን ግማሽ ጩኸት የሚሰጠው 3 ዋት ነው። እሱም ጎረቤት ይቀሰቅሳል። በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባ፣ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መቀነሻ አለ፤ እኔም ማታ እጠቀምበታለሁ። ሁለት ነገር ግን ይወስዳል። ስፒከሩ ራሱ ሲገፋ የሚጨምረው መሻከር ይቀራል። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ደግሞ ጆሯችን ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አይሰማም፤ ስለዚህ ያው ድምፅ የሰለለ ይመስለናል። ቤዙን በትንሹ መጨመር ይረዳል። በኮምፒውተር የሚሠሩት ዘመናዊ ቅጂዎችም በጣም ተሻሽለዋል፤ በጆሮ ማዳመጫ ለሚለማመድ ሰው አልቃወማቸውም፣ እንዲያውም ስፒከሩን አስመስለው ስለሚቀዱ ከርካሽ ፔዳል ይሻላሉ። አምፕሊፋየር ፊት ቆሞ የስፒከሩ ድምፅ ክሩን ራሱን መልሶ ሲያንቀጠቅጠው የሚሰማውን ግን በጆሮ ማዳመጫ አላገኘሁትም። ከአምፕሊፋየሩ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ፣ ፊታችሁን ትንሽ አዙራችሁ ቁሙ፤ የማታልቀዋ ኖታ የምትገኝበት ቦታ ወለሉ ላይ አለ።

ስለ እጅ አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ክላፕተን ከብሉዝብሬከርስ ሲወጣ የተተካው ፒተር ግሪን ነው። የእሱ ሌስ ፖል ሁለቱም ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ባዶ፣ በአፍንጫ የሚዘመር የሚመስል ድምፅ ነበራት፤ አንደኛው ፒክአፕ ውስጥ ማግኔቱ ተገልብጦ ስለነበረ ነው። ሰዎች የግሪን ምስጢር ይህ ነው ብለው በዓለም ዙሪያ ማግኔት ሲገለብጡ ኖሩ። ያቺው ጊታር በኋላ ወደ ሌላው ጊታር ተጫዋች ወደ ጌሪ ሙር አለፈች፤ በእሱ እጅ ደግሞ ጌሪ ሙርን ትመስል ነበር፤ የሚያቃጥል፣ ጥርሱን የነከሰ ድምፅ። ግሪን በአነስተኛ ኖታ ዝምታን ይጠቀማል፣ ቀስ ብሎ ይመታል፣ አምፕሊፋየሩም ንፁሁ ጎን ላይ ይቆይለታል። እንጨቱም ማግኔቱም ያው ነበሩ።

ብሉዝ ውስጥ የስኬሉ ሦስተኛ ኖታ በማይነሩና በሜጀሩ ሦስተኛ መካከል ናት፤ ፍሬት የላትም፣ በጣት ትንሽ ሳብ አድርገው ነው የሚያገኟት። የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢ ቢ ኪንግ በግራ እጁ አንጓ ያወጣት የነበረችው ማወዛወዝም እንደዚያው በየትኛውም ዕቃ ላይ አትሸጥም። የእህቴ ልጅ አሁን በየቀኑ ጊታሩን ምንም ነገር ላይ ሳይሰካ ሃያ ደቂቃ አንዲት ኖታ እየሳበ፣ በማስተካከያ መሣሪያ ልኬቷን እያየ ይለማመዳል።

ስለ ሞዴል ቁጥሩ ያልኩትን ብታወጡትም ባታወጡትም ቅር አይለኝም። የካፓሲተሩን ነገር ግን በሚቀጥለው እትም፣ ያ ጽሑፍ በወጣበት ገጽ ላይ አትሙልኝ። አምፕሊፋየር ውስጥ እጁን ከመስደዱ በፊት ይለካ፣ ያፍስስ፣ አለዚያ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ይውሰደው። ጽሑፉን አንብቦ ካቻቢቴውን ያነሳ ሰው ሊኖር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አምፕሊፋየር ጠጋኝ አንባቢያችሁ